የተጻፈበት ቀን ወይስ የሚነበብበት ቀን? (ክሩ በአጭሩ፣ እስከ 26ኛው መልስ)

ይህን የመድረካችንን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ዳኛ ሕገ መንግሥትን በጸደቀበት ቀን ትርጉም ያንብበው ወይስ ዛሬ በምንረዳው ብዬ ጠይቄ ነው። አሁን 26 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ ጀምረው ለማንበብ እየተቸገሩ፣ የተመለሰውን ደግመው እየጠየቁ ነው። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በራሴ ቃል በተራ አስቀምጣለሁ። የአሜሪካ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያዎቹ በእኛ።

ጥያቄው የመጣው ከቤቴ ነው። ታናሽ ወንድሜ እዚህ ቨርጂኒያ በተማሪ ቪዛ ነው ያለው። ባለቤቱም እንደዚያው። ያኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ አንድ ትእዛዝ ፈረሙ። እንደነሱ በጊዜያዊ ቪዛ ካሉ ወላጆች የሚወለድ ልጅ እዚህ ስለተወለደ ብቻ ዜጋ አይሆንም የሚል ነው። በሦስተኛው ቀን ሲያትል ያሉ የፌዴራል ዳኛ አገዱት። ወንድሜ ማታ ደውሎ ሕገ መንግሥቱ ምን እንደሚል ጠየቀኝ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥትን 14ኛ ማሻሻያ አነበብኩለት። አሜሪካ ውስጥ ተወልዶ ለሥልጣኗ ተገዢ የሆነ ሁሉ ዜጋ ነው ይላል። ነገሩ ሁሉ ያለው ለሥልጣኗ ተገዢ በምትለው ሐረግ ላይ ነው። እኔም መድረኩ ላይ ጠየቅኩ። ዳኛ ይህችን ሐረግ የሚያነበው በ1868 ስትጸድቅ በነበራት ትርጉም ነው ወይስ ዛሬ በምንረዳት?

1ኛው መልስ ከአንድ ጠበቃ መጣ። በትሕትና፣ ለማያውቅ ሰው በሚገባ መንገድ ሁለቱን ወገኖች አስተዋወቀን። በአንድ በኩል ከ1986 እስከ ሞቱበት 2016 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዳኝነት የተቀመጡት አንቶኒን ስካሊያ አሉ። ለእሳቸው የሕገ መንግሥት ቃል ትርጉሙ የጸደቀበት ቀን ላይ ቆሟል። ኦሪጂናሊስት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በሌላ በኩል እዚያው ከ1994 እስከ 2022 ያገለገሉት ዳኛ ስቲቨን ብራየር አሉ። እሳቸው ደግሞ ቃሉ ለምን ዓላማ ተጻፈ፣ ዛሬስ ምን ውጤት ያመጣል ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱ በየመድረኩ አብረው እየወጡ ይከራከሩ ነበር። ጠላቶች አልነበሩም። ጠበቃው ግን ስካሊያ የሚፈልጉት የአርቃቂዎቹን ሐሳብ ነው ብሎ ጻፈ። ያ ዓረፍተ ነገር ብዙ አስጮኸ።

2ኛዋ ጸሐፊ ቃሉ ካረጀ ለምን አይሻሻልም ብላ ጠየቀች። ጠበቃው ወዲያው መለሰላት። ማሻሻያ በሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማግኘት፣ ከዚያ በ38 ክፍለ ግዛቶች መጽደቅ አለበት። እስካሁን ያለፉት 27 ናቸው። የመጨረሻው በ1789 ቀርቦ የጸደቀው በ1992 ነው። በሩ ይህን ያህል ጠባብ ስለሆነ ነው ሰው ሁሉ ወደ ዳኛ የሚሮጠው።

3ኛው ጠበቃውን አረመ። አነጋገሩ ሻከር ያለ ነው። ስካሊያ የአርቃቂውን የልብ ሐሳብ ፈልጉ ብለው አያውቁም አለ። እሳቸው የሚፈልጉት ቃሉን ያኔ ያነበበ ተራ ሰው የተረዳውን ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። አርቃቂው በልቡ የያዘውን ሕዝቡ አላጸደቀውም፤ ሕዝቡ ያጸደቀው ያነበበውን ነው። 4ኛው መልስ የጠበቃው ምስጋና ነበር። ስሕተቱን ሳያንገራግር ተቀበለ። ክሩ እስከ መሐል ጨዋ ሆኖ የዘለቀው በዚህ ይመስለኛል።

5ኛውን ወድጄዋለሁ። የጻፉት በልጅነታቸው ጉባኤ ቤት የዋሉ አባት ናቸው። የአንድምታ ትርጓሜን አመጡ። ተማሪው መጀመሪያ ንባቡን ይቀጽላል። አንዲት ፊደል ብትወድቅበት መምህሩ አያልፉትም። ከዚያ በኋላ ነው ትርጓሜው አንድም እያለ የሚቀጥለው። ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል የሚለውን አባባል አስታወሱን። ነገር ግን ንባቡን ያልያዘ ሰው አንድም እንዲል አይፈቀድለትም አሉ። ስለዚህ ሁለቱን የአሜሪካ ወገኖች እንደ ጠላት ማየት አይዋጥላቸውም። አንዱ ንባቡን ይጠብቃል፣ ሌላው አንድም ይላል። 3ኛው ጸሐፊ ተመልሶ ገባ፤ አሁን ግን አንቱ እያለ ነው። በአንድምታ ሦስት ትርጉም ጎን ለጎን ተስማምቶ ይኖራል። ዳኛ ግን አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አለበት፤ ከፊቱ የቆመው ሰው ወይ ይታሰራል ወይ ቤቱ ይሄዳል። ይህ እንደ 6ኛ መልስ ተቆጠረ። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ።

7ኛው ወደ 1954 ወሰደን። በብራውን ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 9 ለ0 የትምህርት ቤት የዘር ልዩነትን ሻረ። ከዚያ በፊት ተከራካሪዎቹ የ14ኛውን ማሻሻያ ታሪክ አጥንተው እንዲመጡ አዟቸው ነበር። ታሪኩ ግን ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም። ዋና ዳኛ ዋረንም ሰዓቱን ወደ 1868 መመለስ አንችልም በሚል መንፈስ ጻፉ። ጸሐፊው ጨመረ። ማሻሻያውን ያሳለፈው ያው ኮንግረስ ሲሰበሰብ የዋሽንግተን ዲሲ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው በዘር የተለያዩ ነበሩ። በተጻፈበት ቀን ብቻ ካነበብን ብራውን ከየት ይመጣል? ክሩ ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ለኦሪጂናሊስት ከባዱ ይህ ነው።

8ኛው ለመመለስ ሞከረ። ማይክል ማኮኔል የተባሉ ምሁር የዚያን ዘመን የኮንግረስ ክርክር መርምረው፣ ብራውንን በኦሪጂናሊስት መንገድም መድረስ ይቻላል ብለው እንደጻፉ ነገረን። 9ኛው ተቆጣ። ይህ መልሱን አስቀድሞ ይዞ ማስረጃ ፍለጋ መውጣት ነው አለ። ዳኞች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ መጀመሪያ የፈለጉትን ይወስናሉ፣ ከዚያ ዘዴ ይለጥፉበታል። ዘዴ የሚባል ነገር የለም።

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። 10ኛው መልስ የኔ ነው። ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በተለይ ከእኛ ሰው። ፍርድ ቤት ላይ እምነት ከሌለው አገር ስለመጣን ይቀለናል። እኔ ግን የምመዝንበት አንድ ነገር አለ። ዳኛው ዘዴው አስገድዶት የማይወደውን ፈርዶ ያውቃል? ካላወቀ 9ኛው ጸሐፊ ልክ ነው። ካወቀ ዘዴ አለው። ስካሊያ በ1989 ባንዲራ ያቃጠለ ሰው አይቀጣም ካሉት 5 ዳኞች አንዱ ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው እንዲህ ያለውን ሰው ቢችሉ እንደሚያስሩት በአደባባይ ደጋግመው ተናግረዋል። የመናገር ነፃነት አንቀጹ ግን አልፈቀደላቸውም። ዘዴ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

11ኛው ርእሱን ትንሽ ዘወር አደረገው። ዲሲ ውስጥ ለብዙ ዓመት ትንሽ ሱቅ የነበረው ሰው ነው። ከተማዋ ከ1976 ጀምሮ ሽጉጥ ከልክላ ነበር። እሱ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። ዘራፊዎቹ ሽጉጥ ነበራቸው፣ እሱ አልነበረውም። በ2008 በሄለር ጉዳይ ስካሊያ የጻፉት ፍርድ ክልከላውን ሲሽር ደስ እንዳለው አልደበቀም። 12ኛው እሱ ላይ ብዙ ሳይቆይ ወደ ፍርዱ ሄደ። 2ኛው ማሻሻያ ስለ ሚሊሻ ይጀምርና የሕዝቡ መሣሪያ የመያዝ መብት አይነካ ብሎ ያበቃል። ስካሊያ ለ5 ዳኞች ሲጽፉ ታሪክ ጠቀሱ። ዳኛ ስቲቨንስ ለ4 ተቃዋሚዎች ሲጽፉ እሳቸውም ታሪክ ጠቀሱ፤ መብቱ ከሚሊሻ ጋር የታሰረ ነው አሉ። ብራየር ብቻ ለየት ያለ ጽሑፍ አክለው፣ የከተማዋን የወንጀል ችግር በሚዛን ላይ አስቀመጡ። እንግዲህ ታሪክን ማንበብ ብቻውን ክርክር አይዘጋም። ከዚህ በታች ስለ ዲሲ ሱቆች ኪራይ ሦስት አራት አስተያየት አለ። እዘለዋለሁ።

13ኛውን መልስ ግን በዝግታ አንብቡት። የጻፈችው ሜሪላንድ ውስጥ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ናት። ከእኛ ማኅበረሰብ የሚመጡ፣ በባሎቻቸው የሚደበደቡ ሴቶችን ቃል ትተረጉማለች። በ2022 ፍርድ ቤቱ በብሩን ጉዳይ፣ የመሣሪያ ሕግ ሁሉ ከአገሪቱ የቆየ ልማድ ጋር መግጠም አለበት አለ። ከዚያ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን ይዞ ሄደ። ሚስቱን ወይም ጓደኛውን እንዳይነካ የፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ የወጣበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ የሚከለክለውን ሕግ ሻረ፤ በጥንቱ ዘመን እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም ብሎ። አስተርጓሚዋ ያን ቀን እጇ እንደተንቀጠቀጠ ጻፈች። በጥንቱ ዘመን ሚስት ባሏን የምትከስበት ሕግ መቼ ነበር? በ2024 በራሂሚ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ1 ሕጉን መለሰው። የዛሬው ሕግ ከጥንቱ ጋር መንትያ እንዲሆን አንፈልግም፣ መርሁ የሚመሳሰል ይበቃል በሚል። ብቻቸውን የተቃወሙት የብሩንን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ቶማስ ናቸው።

እሷ ግን እዚህ አላቆመችም። 14ኛውን መልስ ራሷ ጨመረች፤ ብዙዎቻችን የማናውቀውን ነገረችን። ስካሊያ በ2004 በክሮፎርድ ጉዳይ፣ ተከሳሽ ከሳሹን ፊት ለፊት የመጠየቅ መብቱን ወደ ጥንቱ ትርጉም መለሱት። ለፖሊስ የተሰጠ ቃል ተናጋሪው ችሎት ቀርቦ ካልተጠየቀበት አይሰማም። የተከሳሽ ጠበቆች ተደሰቱ። ነገር ግን የተደበደበችው ሴት ብዙ ጊዜ ቀጠሮው ሲደርስ አትመጣም። ሽማግሌ ተልኮባታል። ልጆቿን አስባለች። ኪራዩን የሚከፍለው እሱ ነው። እሷ ካልቀረበች ለፖሊስ የተናገረችው ይቀራል። በ2006 አደጋው እየደረሰ ሳለ ለ911 (ለአደጋ ጊዜ ስልክ) የተደወለ ጥሪ ሊሰማ እንደሚችል ተፈርዷል፤ እሱም ካለ ነው። አስተርጓሚዋ ክሮፎርድን ስሕተት ነው አላለችም። አባቷ በአንድ ወቅት አገር ቤት ማን እንደከሰሳቸው ሳያውቁ ታስረው ነበር። ስለዚህ መብቱ ይገባታል። ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ግን እወቁ አለች። ከዚህ በኋላ 9ኛው ጸሐፊ ለረጅም ጊዜ አልጻፈም።

15ኛው ድንገት አነደደው። ስለ 2022ቱ የዶብስ ፍርድ ነው፤ የ1973ቱን የጽንስ ማቋረጥ መብት የሻረው። ጸሐፊው ፍርዱ መብቱ በአገሪቱ ታሪክ ሥር የሰደደ ነው ወይ ብሎ ጠይቆ የ1868ን ሕጎች ቆጠረ አለ። ያኔ ሴቶች አይመርጡም ነበር፤ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1920 ነው። ድምፅ ያልሰጡበትን ታሪክ በነሱ ላይ ማንበብ ግፍ ነው። እስከዚህ ጥሩ ክርክር ነበር። ከዚያ ግን በተቃራኒው የሚያምኑትን ሁሉ ሰደበ። 16ኛው ስድቡን በስድብ መለሰ። በመሐሉ አንድ ቁም ነገር ነበረው። ለሴቶች መብት የታገሉት ዳኛ ጊንስበርግ ራሳቸው የ1973ቱ ፍርድ በአንዴ ብዙ ርቀት ሄዷል ብለው ተችተው ነበር። 17ኛው እምነት ውስጥ ገባ፤ አስተዳዳሪው ሰረዘው። ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል። አዝናለሁ፤ ሁለቱም ሰዎች ሌላ ቦታ ሲጽፉ ደህና ሰዎች ናቸው።

18ኛዋ ከቶሮንቶ ናት። አየሩን ቀየረችው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1928፣ ለሴኔት የሚሾሙ ሰዎች በሚለው ቃል ውስጥ ሴቶች አይካተቱም ብሎ ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ በወጣበት በ1867 እንዲያ አልታሰበም በማለት። ኤሚሊ መርፊና አራት ሴቶች የካናዳ የመጨረሻ ይግባኝ ያኔ ወደሚታይበት ወደ ለንደን ይግባኝ አሉ። በ1929 እዚያ ፍርዱን የጻፉት ሎርድ ሳንኪ ሕገ መንግሥቱን በተተከለበት ቦታ እንደሚያድግ ሕያው ዛፍ አድርገው ገለጹት። ሴትም ሰው ናት ተባለ። ዛፍ ያድጋል እንጂ ከሥሩ አይነቀልም ብላ ጨመረች።

19ኛው እንዲህ ዓይነት ክርክር ኢትዮጵያ ውስጥ ለምን የለም አለ። 20ኛው መልስ የአንድ የሕግ መምህር ነው። በእኛ አገር ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን የዳኞች አይደለም። በአንቀጽ 62 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤው መርምሮ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይወስናል። ስለዚህ እንዴት ይነበብ ከማለታችን በፊት ማን ያንብብ የሚለው ይመጣል። 2012ን አስታወሰን። ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም ከቀረቡት አራት አማራጮች ሕገ መንግሥቱን መተርጎም የሚለው ተመረጠ። ስለ ምርጫ፣ ስለ ምክር ቤቱ ዘመንና ስለ አስቸኳይ ጊዜ የሚናገሩት አንቀጽ 54፣ 58 እና 93 ለአጣሪ ጉባኤው ቀረቡ። ባለሙያዎች በቴሌቪዥን በቀጥታ ሲከራከሩ አገር ሁሉ አየ። አንዱ ቃሉ ግልጽ ነው፣ የሚተረጎም የለም ይላል። ሌላው አንቀጾቹን በዓላማቸው አንድ ላይ አንብቡ ይላል። ስሙን ሳናውቀው ያው የስካሊያና የብራየር ክርክር ነበር። እኔም ያኔ ሳሎን ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ውሳኔውን ባልደግፍም፣ ክርክሩ በአደባባይ መሆኑን እስከዛሬ እወደዋለሁ።

21ኛው አጣሪ ጉባኤው ውስጥ ዳኛ የለም የሚመስል ነገር እንዳይባል አሳሰበ። ከ11 አባላቱ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ምክትሉም ምክትል ፕሬዚዳንቱ ናቸው። እርማቱ ተገቢ ነው።

22ኛዋ የሕግ ተማሪ ናት። ካነበብኳቸው ሁሉ ያስደነቀችኝ እሷ ናት። አጣሪ ጉባኤው የትኞቹን ሕጎች እንደሚመረምር የሚናገረውን አንቀጽ 84 ንዑስ አንቀጽ 2ን በሁለት ቋንቋ አስተያየችው። እንግሊዝኛው ማንኛውም የፌዴራል ወይም የክልል ሕግ ሲል፣ አማርኛው በሕግ አውጪ አካላት የሚወጡ ሕጎች ይላል። ታዲያ ሚኒስትሮች የሚያወጡት ደንብና መመሪያ የት ገባ? ይህን ይዘው፣ ደንብና መመሪያን ፍርድ ቤት ራሱ ሊመረምር ይችላል የሚሉ ምሁራን አሉ። በአንቀጽ 106 ደግሞ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። ሁለት ቃል ብቻ፤ ስንት ባለጉዳይ መመሪያ እየተባለ ከየቢሮው ይመለሳል! እኔም አንድ መሥሪያ ቤት በማላየው መመሪያ ስምንት ወር አመላልሶኛል። 23ኛው ለእሷ የሕገ መንግሥት ጉባኤውን ቃለ ጉባኤና አጭር ማብራሪያውን እንድታነብ መከራት። ኮፒው አለኝ፣ ቅዳሜ ፎቶ አነሣልሻለሁ ብሏል።

በ24ኛው መልስ ጠበቃው ወደ ጥያቄዬ መለሰን። ዎንግ ኪም አርክ ሳን ፍራንሲስኮ ከቻይናውያን ወላጆች የተወለደ ሰው ነው። ወላጆቹ ዜጋ መሆን አይችሉም ነበር። በ1898 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ2 ዜጋ ነው አለ። ጠበቃው ሌላውንም ወገን አልደበቀም። ማሻሻያው በ1866 ሲመከርበት ሴናተር ኮነስ የቻይናውያን ልጆችም ይካተታሉ ብለው ደግፈዋል። ሴናተር ትራምቡል ደግሞ ለሌላ ለማንም ታማኝነት የሌለበትን ሰው የሚመለከት ነው የሚመስል ነገር ተናግረዋል። ሁለቱም ወገን ወደዚያው ዓመት ሄዶ የራሱን ሰው ያገኛል። ከሁለቱ ተቃዋሚዎች አንዱ ሃርላን ነበሩ፤ በ1896 የዘር ልዩነትን የፈቀደውን ፍርድ ብቻቸውን የተቃወሙት ያው ዳኛ።

25ኛው መልስ የወንድሜ ነው። ክሩን ሲከታተል እንደነበር አላውቅም ነበር። ልጅቷ በመጋቢት ተወልዳለች፤ እናትና ልጅ ደህና ናቸው። እሱ ስለ ዘዴ አልተከራከረም። ለሥልጣኗ ተገዢ የሚለውን ወደ አማርኛ ለመመለስ ሚስቱና እሱ ብዙ ማታ እንደሞከሩ ጻፈ። አንዱ ትርጉም በሕጓ የሚዳኝ ሆነ። ሌላው ለእሷ ብቻ ታማኝ የሆነ። እሱ በዜግነቱ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሁለተኛው አይመለከተውም። የመጀመሪያውስ? ባለፈው ዓመት በ95 መንገድ ላይ በፍጥነት ነድቶ ተቀጥቷል። ዳኛው የየት አገር ሰው ነህ አላሉትም። ከፍሏል። የደረሰኙን ፎቶ ለጠፈ፤ ስሙን በአውራ ጣቱ ሸፍኖታል።

26ኛው የጠበቃው ነው። የ1898ቱ ፍርድ የተደገፈው ዋና ዳኛ ማርሻል በ1812 ስለ አንድ የፈረንሳይ የጦር መርከብ በጻፉት ላይ እንደሆነ ለወንድሜ ነገረው። እዚያ ውስጥ፣ ለንግድም ሆነ ለጉብኝት የመጣ እንግዳ እስካለ ድረስ ለአገሩ ሕግ ይገዛል የሚል አለ። ያንተ ክርክርም ይኸው ነው አለው። ደረሰኙን እንዳይጥለው፣ ከልጅቷ የልደት ወረቀት ጋር አንድ ላይ እንዲያስቀምጠው መከረው።